ስለ ደስታና ስለ ፈቃድ

የሰው ልጅ ሁሉ ደስታን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ደስታ ምን እንደ ሆነች ቢጠየቅ ሁሉም አንድ መልስ አይሰጥም። ነጋዴው በትርፍ፣ ወታደሩ በማዕርግ፣ ተማሪው በዕውቀት፣ ሽማግሌው በልጅ ልጅ የሚያገኛት ይመስለዋል። አንዱ ደክሞ ካገኛት በኋላ ጥላው ስትሄድ ያያታል፤ ሌላው ደግሞ ሳይፈልጋት በሥራው መካከል አጠገቡ ተቀምጣ ያገኛታል። ይህን ነገር ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ መርምረውታል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ነገሩን በታሪክ መንገድ ለመመልከት አስቤአለሁ፤ ይኸውም የዚህች የክፍለ ዓለማችን ሰዎች ደስታንና የሕይወትን ቁም ነገር ከምን ላይ ይፈልጉ እንደ ነበረ፣ ደግሞም ይህ አሳባቸው በመንግሥት እጅ በገባ ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት ለመናገር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላሳስብ። አፍሪካ አንድ ሰው አይደለችም። 54 መንግሥታትና ወደ 2,000 የሚጠጉ ቋንቋዎች ያሉባት ሰፊ ምድር ናት። የበረሃው ከብት አርቢ፣ የደጋው ገበሬና የባሕሩ ዳር ዓሣ አጥማጅ ሁሉም አንድ ዓይነት አሳብ አላቸው ብሎ የሚናገር ሰው ከሦስቱ አንዱንም በደንብ አላወቀም። ስለዚህ እኔ «አፍሪካ እንዲህ ታስባለች» ለማለት አልደፍርም። በብዙ ሕዝብ ዘንድ ተደጋግሞ የሚገኘውን አንድ አሳብ ብቻ መርጬ፣ እርሱን ከሥሩ እስከ ፍሬው ለመከተል እሞክራለሁ።

በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩት የዙሉ ሰዎች «ኡሙንቱ ንጉሙንቱ ንጋባንቱ» የሚል ተረት አላቸው። ትርጓሜውም ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው ማለት ነው። ከዚሁ ቃል ዘር «ኡቡንቱ» የሚለው ስም ይወጣል፤ እርሱም ሰው መሆን፣ ሰብአዊነት እንደ ማለት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ በሚነገረው በስዋሂሊ ቋንቋ ደግሞ ዘመድ አዝማድ «ጃማ» ይባላል፤ ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ ስለ ሆነ በአገራችን ሙስሊሞች ዘንድ ለታወቀው «ጀመዓ» ለሚለው ቃል ወንድሙ ነው። በእኛም አገር አባቶቻችን «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ብለው ተርተዋል። እነዚህ ሕዝቦች በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተራራቁ ናቸው፤ ነገር ግን ብቻውን የቆመ ሰው ጎደሎ ነው በማለት አንድ ሆነዋል።

እንግዲህ በዚህ አሳብ መሠረት ድኃ የሚባለው ገንዘብ ያጣው ብቻ አይደለም፤ ሰው ያጣው ነው። ሽማግሌዎቻችን ለአንድ ሰው በጣም ሲያዝኑ «ሰው የለውም» ይላሉ። ለራሳቸውም ሲጸልዩ «ቀባሪ አያሳጣኝ» ይላሉ። ሣጥኑን በወርቅ ሞልቶ ዓይኑን የሚከድንለት ዘመድ የሌለው ሰው በእነርሱ ዘንድ ደስተኛ ተብሎ አይጠራም ነበር። ከዘመዱ ጋር ቆሎ ቆርጥሞ የሚያድር ግን ምስኪን አይባልም ነበር።

ይህ አሳብ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከኑሮ የተወለደ ነው። ዝናም ሲቀር፣ ከብት ሲያልቅ ወይም ቤት ሲቃጠል፣ የመድን ኩባንያ ወይም እህል የሚያድል መሥሪያ ቤት በሌለበት ዘመን የገበሬው ሁለተኛ ጎተራ ጎረቤቱ ነበረ። የእኛ ገበሬ ሥራ ሲበዛበት ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ደቦ ይጠራል፤ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ወንፈል ይገባል። ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው ማሳ በየተራ ይውላሉ። አጨዳው በዘፈን፣ አረሙም በጨዋታ ይሠራል። ብቻውን ቢሆን ሳምንት የሚፈጅበት ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ማታም ሲበተን የሥራ ድካምና የግብዣ ደስታ በአንድ ሰው ሰውነት ላይ ተቀላቅለው ይታያሉ። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ኑሮ ውስጥ ግዴታና ፍቅር፣ ሥራና ደስታ ተለያይተው የሚቀመጡ ነገሮች አልነበሩም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የቀድሞውን ኑሮ በማር ለውሼ ላቀርብልህ አልፈልግም። የሚደግፈው ክንድ የሚያስርም ክንድ ነው። በብዙ መንደር ሴቲቱ ሥራውን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ትሠራለች፤ ነገር ግን በሸንጎ ቃል አይሰጣትም ነበር። ልጅቱ ሳትጠየቅ ትዳራለች። አንጥረኛው ማረሻውን፣ ሸማኔው ልብሱን፣ ሸክላ ሠሪዋ ድስቱን ይሰጣሉ፤ እነርሱ ግን ይናቁ ነበር። እንግዲህ መንደሩ ደስታን የሚሰጠው ሰው ብሎ ለቈጠራቸው ነበር፤ ያልቈጠራቸውን ግን ይጎዳቸው ነበር። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አሁን ታሪካቸውን የምነግርህ ሰው ራሳቸው ይህን ጉድለት አይተው የተናገሩ ናቸው።

ጁሊየስ ኔሬሬ በ1922 በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ባለችው በቡቲያማ ተወለዱ። አባታቸው ዛናኪ የሚባል የአንድ ትንሽ ሕዝብ ባላባት ነበሩ። በኡጋንዳ በማከሬሬ ተማሩ፤ ቀጥሎም ስኮትላንድ ሄደው በኤደንበርግ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን በ1952 ፈጸሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሲያስተምሩ ቆዩ፤ ሕዝቡም እስከ ዕለተ ሞታቸው «ምዋሊሙ» ማለት መምህሩ እያለ ይጠራቸው ነበር። በ1954 ታኑ የተባለውን የፖለቲካ ማኅበር ከጓደኞቻቸው ጋር መሠረቱ። አገራቸው ታንጋኒካ በታኅሣሥ 1961 ነጻ ወጣች፤ በ1964ም ከዛንዚባር ጋር ተዋሕዳ ታንዛኒያ ተባለች። በ1963 በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ከተሰበሰቡት መሪዎች አንዱ እኚሁ ኔሬሬ ነበሩ።

ኔሬሬ የጠየቁት ጥያቄ ከባድ ነበረ። ነጻነት ከተገኘ በኋላ ሕዝቡ የሚኖረው ለምን ቁም ነገር ነው? እያንዳንዱ ለራሱ እየተሻማ ነውን? ወይስ ሌላ መንገድ አለ? በ1962 ባወጡት ጽሑፍ መልሳቸውን «ኡጃማ» በሚል በአንድ ቃል አስቀመጡት። ቃሉ ቀደም ብዬ ከጠቀስሁት ከ«ጃማ» የወጣ ነው፤ ቤተ ዘመድነት እንደ ማለት ነው። አሳቡም ይህ ነው፦ በቀድሞው ቤተ ዘመድ ውስጥ ሰዎች ይከባበሩ ነበር፤ ለኑሮ የሚያስፈልገውን ዋና ዋናውን ነገር ይካፈሉ ነበር፤ ሁሉም ይሠራ ነበር። እንግዲህ ይህን የቤተ ዘመድ ሕግ ከአንድ ጎሣ አውጥተን ለአገር ሁሉ እናድርገው አሉ።

ሥራን የሚመለከተው ክፍል እንዳይረሳ ኔሬሬ ሕዝቡ የሚያውቀውን የስዋሂሊ ተረት ያስታውሱ ነበር፤ ትርጓሜውም «እንግዳን ሁለት ቀን አስተናግደው፤ በሦስተኛው ቀን ዶማ ስጠው» ማለት ነው። ይህ ተረት የእንግዳ ተቀባይነትን ልክ ያሳያል። የቤተ ዘመድ ማዕድ ለሁሉ የተዘረጋ ነው፤ ነገር ግን ከማዕዱ የሚበላ ሁሉ እጁን ለሥራ ማንሣት አለበት። በ1967 ባወጡት ሌላ ጽሑፍ ደግሞ የቀድሞው ኑሮ ሁለት ጉድለት እንደ ነበረበት ሳይሸሽጉ ተናገሩ፤ አንደኛው የሴቶች መበደል፣ ሁለተኛው ድኅነት ነው። አባቶችን ማክበርና የአባቶችን ጉድለት መናገር አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

በየካቲት 1967 የአሩሻ አዋጅ ወጣ። ባንኮችና ታላላቅ ድርጅቶች የመንግሥት ሆኑ። በመሪዎችም ላይ ጠንካራ ደንብ ተደነገገ፦ መሪ የሆነ ሰው ሁለት ደመወዝ እንዳይቀበል፣ በኩባንያ አክሲዮን እንዳይኖረው፣ ቤት ሠርቶ እንዳያከራይ ተከለከለ። ሕዝቡን ወደ አንድነት ኑሮ የሚጠራ መሪ በመጀመሪያ ራሱ ከስስት እንዲነጻ መጠየቁ የሚመሰገን ነገር ነው።

አሁን ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ትንሽ ነገር ልንገርህ። በታንዛኒያ ደቡብ፣ በሩቩማ አውራጃ፣ ሊቶዋ የምትባል መንደር ነበረች። ነጻነት በተገኘበት ዘመን ገደማ ጥቂት ወጣቶች ማንም ሳያዛቸው ወደዚያ ሄደው ዱሩን መንጥረው አብረው ማረስ ጀመሩ። ኑሮው ቀላል አልነበረም። ነገር ግን የሚያደርጉትን ሁሉ በጉባኤ ተቀምጠው ራሳቸው ይወስኑ ነበር፤ ያገኙትንም ራሳቸው በተስማሙበት መንገድ ይካፈሉ ነበር። ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ትምህርቱም ከመንደሩ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነበር። የጎረቤት መንደሮች አይተው ተከተሏቸውና የሩቩማ ልማት ማኅበር የሚባል አንድነት መሠረቱ። ማኅበሩም የወፍጮ ቤትና የእንጨት መሰንጠቂያ እስከ ማቋቋም ደረሰ። ኔሬሬ ራሳቸው አሳባቸው በሥራ የተገለጠው በዚያ ስለ ነበር ሥራቸውን ይወዱ ነበር።

ነገር ግን የአውራጃው ሹማምንትና የማኅበረ ፖለቲካው አለቆች በዚህ አልተደሰቱም። ራሱን የሚያስተዳድር ገበሬ ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ትእዛዝ የማይጠብቅ ሰው ደግሞ ለአለቃ አይመችም። በመስከረም 1969 የታኑ ማዕከላዊ ኮሚቴ የሩቩማ ልማት ማኅበር እንዲፈርስ ወሰነ፤ ንብረቱም ተወሰደበት። በስሙ ቤተ ዘመድነት እየተባለ፣ በእውነት ቤተ ዘመድ ሆነው የተገኙት ሰዎች ተበተኑ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በኋላ ለመጣው ጥፋት በሩ የተከፈተው በዚያን ቀን ይመስለኛል።

ኔሬሬ አስቀድመው እንዲህ ያለው የአንድነት ኑሮ በግድ ሊመሠረት እንደማይችል ጽፈው ነበር። ሕዝቡ ግን ወደ መንደሮቹ የሚገባው ቀስ በቀስ ነበረ፤ መንግሥትም ቸኮለ። በኅዳር 1973 በገጠር የሚኖር ሰው ሁሉ እስከ 1976 መጨረሻ ድረስ ወደ መንደር ተሰብስቦ እንዲኖር ግዴታ መሆኑ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ከቦታው እንደ ተነሣ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በአንዳንድ ቦታ ሰዎቹ ተመልሰው እንዳይመጡ ቤታቸው ተቃጠለ። መንደሮቹ ብዙ ጊዜ የተሠሩት ለመኪና መንገድ እንዲቀርቡ እየታሰበ እንጂ አፈሩና ውኃው ተመርምሮ አልነበረም። ገበሬው ከማሳው ራቀ፤ የአባቱን መቃብርና የተከለውን ዛፍ ትቶ ሄደ። በዚሁ ዘመን ድርቅ ደረሰ፤ አገሩም ከውጭ እህል ለመግዛት ተገደደ።

ፍርድ እንዳይጓደል መልካሙንም መናገር ይገባል። በነዚያ ዓመታት ትምህርት ቤት፣ የውኃ ጉድጓድና የሕክምና ጣቢያ ቀድሞ ባልነበረበት ብዙ ቦታ ተከፍቷል። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ቁጥር እጅግ ጨምሯል። ከ120 የሚበልጡ ነገዶች ያሉበት ያ አገር በአንድ ቋንቋ ተሳስሮ፣ ጎረቤቶቹን ካቃጠለው የጎሣ ጦርነት ተጠብቆ ኖሯል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ኔሬሬም በ1977፣ ከአዋጁ 10 ዓመት በኋላ፣ የተሠራውንና ያልተሠራውን ራሳቸው መዝነው ለሕዝብ በጽሑፍ አቀረቡ። በ1985 በፈቃዳቸው ከፕሬዚዳንትነት ወርደው ወደ ቡቲያማ ተመለሱ፤ በ1999ም አረፉ። ሥልጣንን በፈቃድ መተው በዘመናቸው የተለመደ አልነበረም።

ነገር ግን ዋናው ጥያቄ ይቀራል። ሊቶዋ ለምን አበበች? ያ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ የገባበት መንደር ግን ለምን የቤተ ዘመድ ቤት ሊሆን አልቻለም? በሁለቱም ዘንድ የተነገረው ቃል አንድ ነው፤ መሬቱም ሕዝቡም የአንድ አገር ናቸው። ልዩነቱ ፈቃድ ነው። በሊቶዋ ሰውየው ጎረቤቱን የመረጠው ራሱ ነው፤ በኋለኛው መንደር ግን ጎረቤቱን የሰጠው ሹም ነው። በሊቶዋ የጋራውን ማሳ የሚያርሰው የእኔ ነው ብሎ ነው፤ በኋለኛው መንደር ግን ሰው በግል ማሳው ላይ ሲተጋ ውሎ ወደ ጋራው ማሳ ሲሄድ ክንዱ ይዝላል። ቤተ ዘመድ የሚለው ስም በበሩ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ልብ ግን በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር ብቻ የሆነ እንዳይመስልህ። በእኛም አገር በደርግ ዘመን ከ1985 ጀምሮ መንደር ምሥረታ የሚባለው ሥራ በሐረርጌ በሰፊው ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር ተዛመተ። ሚሊዮን የሚቈጠር ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በተሰመረለት መስመር ላይ እንዲሠራ ተደረገ። በ1990 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጀ ጊዜ ግን ብዙ ገበሬ ሳይውል ሳያድር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ደቦና ወንፈልን ከአያቶቹ የወረሰ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር መኖርን የጠላ ሰው አይደለም፤ የጠላው መገደድን ነው።

ፈቃድ የሚያስፈልገው በእርሻና በመንደር ብቻ አይደለም። ዕርቅም እንኳ ያለ ፈቃድ ዕርቅ አይሆንም። ለዚህ ምስክር የምጠራው ያን የዙሉን ቃል የወለደውን አገር ነው። ደቡብ አፍሪካ የዘር ልዩነት አገዛዝን ጥላ ወደ ምርጫ ስትሄድ በ1993 በጻፈችው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ውስጥ ኡቡንቱ የሚለው ቃል እንዲገባ አደረገች። በ1995 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣትን ሲሽር ዳኞቹ ይህንኑ አሳብ ጠቀሱ። በ1996 ደግሞ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የሚመራው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ሕዝብ በተሰበሰበበት መስማት ጀመረ። የበደለ ሰው ያደረገውን ሁሉ በግልጽ ከተናገረ ምሕረት ሊጠይቅ ይችል ነበር። ከ7,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ አብዛኞቹ ግን ደንቡ የሚጠይቀውን ስላላሟሉ ተከለከሉ። ወደ 21,000 የሚጠጉ የተበደሉ ሰዎችም ቃላቸውን ሰጡ። ለብዙ ዓመት ማንም ያልሰማው እንባ በአደባባይ ተሰማ።

ሁሉም ግን ይቅር አላለም። በ1977 በእስር ቤት የተገደለው የስቲቭ ቢኮ ቤተ ሰብ ገዳዮቹ ለፍርድ እንዲቀርቡ እንጂ ምሕረት እንዳይሰጣቸው ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሯል። ክርክሩ ባይሳካለትም፣ እነዚህን ሰዎች ኡቡንቱ የላቸውም ብሎ የሚነቅፍ ካለ ነገሩን አላስተዋለም። ይቅርታ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ በትእዛዝ አይወጣም። ሌላም ነገር አለ። ኮሚሽኑ ለተበደሉት ካሣ እንዲሰጥ ቢያሳስብም መንግሥት በ2003 ለእያንዳንዳቸው 30,000 ራንድ ብቻ ለአንድ ጊዜ እንዲከፈል ወሰነ፤ ብዙዎችም በዚህ አዘኑ። እንግዲህ ወንድሜ ነህ የሚል ቃል እንጀራ ካልተከተለው የተራበውን ሰው ደስ ሊያሰኘው አይችልም። የእንግዳው ተረት ማዕዱንም ዶማውንም የያዘው ስለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም ሳያውጀው የቆመ ነገር ላሳይህ። አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ሲቈረቈሩ ከየገጠሩ የመጣው ሰው ዘመዱን ትቶ ነበር የመጣው። ቢታመም ማን ያስታምመዋል? ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ስለዚህ የማይዛመዱ ሰዎች ዘመድነትን በውል ሠሩ፤ ስሙንም ዕድር አሉት። አጀማመሩ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ሲሆን፣ ከ1941 በኋላ ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ ዕድርም አብሮ ሰፋ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በምርጫ ይሾማሉ። በየወሩ መዋጮ ይከፈላል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው በዕድሩ ቤት ይቀመጣል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በሌሊት ይዞራል፤ ሲነጋ ድንኳኑ ተተክሎ ይገኛል። ከቀብር የቀረ በደንቡ መሠረት ይቀጣል። ባለ ሱቁም ተሸካሚውም መዋጮአቸው እኩል ነው፤ ድንኳኑም ለሁለቱ አንድ ነው።

አንድ ሰው «ስለ ደስታ እየጻፍህ ስለ ቀብር ለምን ታወራለህ?» ሊለኝ ይችላል። ምክንያቱ ይህ ነው። በየወሩ መዋጮውን የሚከፍለው ሰው ለሞቱ ብቻ አይደለም የሚከፍለው፤ ሌሊቱን ተዝናንቶ እንዲተኛ ነው። «ነገ አንድ ነገር ብሆን ልጆቼ ብቻቸውን አይቀሩም» ብሎ ማወቅ ከደስታ ዓይነቶች ሁሉ ጸጥተኛውና ጽኑው ነው። እኔ በሰፈሬ እንደ ተመለከትሁት በሳቅ ቀን የማይነጋገሩ ሰዎች በሐዘን ቀን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያመሻሉ፤ ከዚያም በኋላ ሰላምታቸው ይታደሳል። የኤድስ በሽታ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኛን በቁሙ መርዳትና የሙት ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። በአሜሪካና በሌላም አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በባዕድ ከተማ ዕድር ማቋቋማቸው ይህን ያህል አስፈላጊ ስለ ሆነባቸው ነው።

ዕድርም ጉድለት አለበት። ለሐዘን ድግስ ከዓቅም በላይ እንዲወጣ የሚገፋፋ አለ፤ መዋጮ መክፈል ያቃተውን ድኃ የሚያስወጣ አለ። ነገር ግን ዕድርተኞች በጉባኤ ተቀምጠው ራሳቸው ያወጡትን ደንብ ራሳቸው ያርሙታል። በፈቃድ የተሠራ ነገር ሲታመም መድኃኒቱን ከውስጡ ያገኛል፤ በግድ የተሠራ ግን የታመመ ዕለት ሁሉም ጥሎት ይሸሻል። ሊቶዋን ያፈረሳት ከውጭ የመጣ እጅ ነው፤ የኋለኛውን መንደር ያፈረሰው ግን ራሱ ውስጡ ባዶ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንድትይዝ እመኛለሁ። መጀመሪያ፣ ከሰው ቊጥር ግባ። በዛሬው ጊዜ ሰው በእጁ በያዘው ስልክ ከሺህ ሰዎች ጋር እየተነጋገረ፣ በግድግዳ ብቻ የሚለየውን ጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። በሺህ ከሚቈጠሩት መካከል በሌሊት ቢጠሩ የሚመጡት ስንት እንደ ሆኑ አስብ፤ ሀብትህ ያ ነው። አንተም በሌሊት ስትጠራ የምትመጣ ሰው መሆንህን ጠይቅ፤ የሌላው ሰው ሀብት ደግሞ አንተ ነህና።

ሁለተኛ፣ ዶማህን ያዝ። ወገን አለኝ ብሎ በወገኑ ጫንቃ ላይ ተቀምጦ የሚኖር ሰው የወገንን ፍቅር ያደርቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የሚሠራው ሃምሳውም አንዳንድ ሲይዙ ነው። አርባ ዘጠኙ እጃቸውን አጣጥፈው አንዱን ሲያሸክሙት ጌጡ ተመልሶ ሸክም ይሆናል። በከተማ አንድ ደመወዝ ይዞ ለብዙ ዘመድ የሚላላክ ወንድም ወይም በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ለወላጆቿ የምትልክ እኅት ይህን ታውቃለች።

ሦስተኛ፣ ማንንም አታስገድድ። አንተ ነገ አለቃ፣ አባት፣ መምህር ወይም ሹም ትሆናለህ። መልካም አሳብ በልብህ ሲሞላ ሰዎች እስኪረዱት ድረስ መታገሥ ይከብድሃል። ኔሬሬ ለሕዝባቸው መልካም ይመኙ ነበር፤ ያስተማሩትም ነገር ብዙው እውነት ነበረ። ነገር ግን እውነቱን ለማስረዳት 20 ዓመት የሚፈጀውን ሥራ መንግሥታቸው በ3 ዓመት ትእዛዝ ለመጨረስ ፈለገ፤ ቤትም ተቃጠለ። በቤትህ ያለችውን እኅትህን ሳትጠይቅ የምትወስንላት ከሆነ፣ የወጣቱን ቃል በሸንጎ ሳትሰማ የምታስርበት ከሆነ፣ ያቺን የሹሞች ትእዛዝ በትንሹ እየደገምሃት ነው።

አባቶቻችን ሰው በሰው ሰው ይሆናል ያሉት እውነት ነው። የዘመናችን ታሪክ የጨመረበት አንድ ቃል ቢኖር «በፈቃዱ» የሚለው ነው። ዘመድ የሚያደርገው ደም ብቻ አይደለም፤ አዋጅም ከቶ አያደርገውም። ዘመድ የሚያደርገው መምጣት እየቻለ የሚመጣ፣ መቅረትም እየቻለ የማይቀር ሰው ልብ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ ሰፈር ጥቂት እንኳ ቢሆኑ ያ ሰፈር ድኃ አይባልም፤ በውስጡም የሚኖር ሰው ደስታ ምን እንደ ሆነች ለመጠየቅ ወደ ሩቅ አይሄድም።